የማይነበብ የሙዚቃ ፋይል ታግ

የማይነበብ የሙዚቃ ፋይል ታግ ማለት በዲጂታል የሙዚቃ ፋይል ውስጥ የተጻፈው የዘፈን ርዕስ፣ የዘፋኝ ስም፣ የአልበም ስም ወይም ሌላ መግለጫ በማጫወቻው ላይ በትክክል ሳይታይ ሲቀር የሚፈጠር ችግር ነው። ድምፁ በደንብ ይሰማል፤ ጽሑፉ ግን በጥያቄ ምልክት፣ በባዶ ሳጥን ወይም ትርጉም በሌላቸው ምልክቶች ይተካል። ችግሩ ከላቲን ፊደል ውጭ የሚጻፉ ቋንቋዎችን ሁሉ፣ ለምሳሌ ሩሲያኛን፣ ግሪክኛን፣ ዐረብኛንና ጃፓንኛን ይነካል። በግዕዝ ፊደል የሚጻፉት አማርኛና ትግርኛም ከእነዚህ ጋር ይመደባሉ።

የሚታዩት መልኮች ለተጠቃሚው ተመሳሳይ ብልሽት ይምሰሉ እንጂ መንስኤያቸው የተለያየ ነው። ባዶ ሳጥን ሲታይ መረጃው አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው። ትርጉም የለሽ ምልክቶች ሲታዩ መረጃው አለ፣ ነገር ግን በተሳሳተ መንገድ ተነቧል። የጥያቄ ምልክት ሲታይ ግን ዋናው ጽሑፍ ከፋይሉ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ከጥገናው መቅደም አለበት። መንስኤው ሳይታወቅ ታጉን ከፍቶ እንደገና ማስቀመጥ (ሴቭ ማድረግ) ሊጠገን ይችል የነበረውን ጽሑፍ ጭራሽ ሊያጠፋው ይችላል።

ታግ ምንድን ነው?

ታግ በሙዚቃ ፋይል ውስጥ ከድምፁ ተለይቶ የሚቀመጥ የመረጃ ክፍል ነው። ከካሴት ጋር ቢነጻጸር፣ ታግ በሽፋኑ ወረቀት ላይ ከሚታተመው የዘፈኖችና የባለሙያዎች ዝርዝር ጋር ይመሳሰላል። በውስጡ የዘፈኑ ርዕስ፣ የዘፋኙ ስም፣ የአልበሙ ስም፣ የታተመበት ዓመት፣ የዘፈኑ ተራ ቁጥር፣ የግጥምና የዜማ ደራሲዎች ስም፣ አንዳንድ ጊዜም የሽፋኑ ሥዕል ይገኛል።

ታግ ከፋይል ስም የተለየ ነገር ነው። በፎልደር ውስጥ በአማርኛ በትክክል የሚነበብ የፋይል ስም ያለው ዘፈን በማጫወቻው ላይ ሲከፈት «???? ???» ተብሎ ሊታይ ይችላል፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ማጫወቻዎች የሚያነቡት የፋይሉን ስም ሳይሆን ታጉን ነው። የፋይሉን ስም መቀየር ታጉን አያስተካክልም፤ ታጉን ማስተካከልም የፋይሉን ስም አይቀይርም።

የታግ መበላሸት ከማጫወቻው ገጽታ ያለፈ ጉዳት አለው። ብዙ የኢትዮጵያ ዘፈኖች ከሸክላና ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የተገለበጡት በግለሰቦችና በሙዚቃ ቤቶች ነው። ከዚያ በኋላ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ሽፋኑ አብሯቸው አይሄድም። አብሮ የሚሄደው ታጉ ብቻ ነው። ታጉ ሲጠፋ የዘፋኙ ድምፅ ሊታወቅ ቢችልም፣ ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው፣ ያቀናበረውና ያጀበው ባንድ ማን እንደነበረ ከድምፁ ብቻ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ አመንጪ ሥራው የእርሱ መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ በፋይል ዘመን ይህ ስም በተግባር የሚቀመጥበት አንዱ ቦታ ታግ ነው።

ታሪክ

ኤምፒ3 ተብሎ የሚታወቀው የድምፅ መጭመቂያ ዘዴ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤምፔግ-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ አካል ነው። ደረጃው ድምፅ እንዴት እንደሚጨመቅ እንጂ የዘፈኑ ርዕስ የት እንደሚጻፍ አይደነግግም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ኤሪክ ኬምፕ የተባለ ፕሮግራመር በ1996 እ.ኤ.አ. አይዲ3 የተባለውን ታግ ፈጠረ።

የመጀመሪያው አይዲ3 (ሥሪት 1) በፋይሉ መጨረሻ ላይ የሚቀመጥና መጠኑ 128 ባይት ብቻ የሆነ ክፍል ነው። 3 ባይት ለመለያ ቃሉ፣ 30 ባይት ለርዕስ፣ 30 ለዘፋኝ፣ 30 ለአልበም፣ 4 ለዓመት፣ 30 ለአስተያየት እና 1 ለሙዚቃው ዓይነት ተመድቧል። በ1997 እ.ኤ.አ. ሚካኤል ሙችለር ከአስተያየቱ ቦታ ላይ ቀንሶ የዘፈን ተራ ቁጥር እንዲጻፍበት አደረገ፤ ይህም ሥሪት 1.1 ይባላል። በሁለቱም ሥሪቶች ጽሑፉ በየትኛው የፊደል ኮድ እንደተጻፈ የሚነገርበት ቦታ የለም። ፕሮግራሞች በልማድ የምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የሚጻፉበትን ላቲን-1 የተባለውን ኮድ ይገምታሉ።

በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው አይዲ3 ሥሪት 2 ከስም በስተቀር ከመጀመሪያው ጋር ብዙም አይገናኝም። የሚቀመጠው በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ነው፤ መጠኑም እስከ 256 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። እያንዳንዱ መረጃ «ፍሬም» በሚባል የራሱ ሣጥን ውስጥ ይገባል። በስፋት የሚሠራባቸው በየካቲት 1999 እ.ኤ.አ. አካባቢ የወጣው ሥሪት 2.3 እና በኅዳር 2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ሥሪት 2.4 ናቸው።

በሥሪት 2 በእያንዳንዱ የጽሑፍ ፍሬም መጀመሪያ ላይ የፊደል ኮዱን የሚናገር አንድ ባይት አለ፦

0 – ላቲን-1
1 – ዩቲኤፍ-16፣ የባይት ቅደም ተከተል ምልክት ያለው
2 – ዩቲኤፍ-16፣ ምልክት የሌለው (በሥሪት 2.4 ብቻ)
3 – ዩቲኤፍ-8 (በሥሪት 2.4 ብቻ)

አብዛኛው የታግ ብልሽት የሚመጣው ይህ ቁጥርና ከእርሱ በኋላ የተጻፈው ጽሑፍ ሳይጣጣሙ ሲቀሩ ነው።

የግዕዝ ፊደል በታግ ውስጥ

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሥሪት 3.0 ነው። ዋናው የፊደሉ ክፍል ከቁጥር 4608 እስከ 4991 ያለውን ቦታ ይይዛል። ይህ ቦታ ላቲን-1 ከሚያውቃቸው 256 ቁጥሮች ውጭ ስለሆነ በላቲን-1 አንድም የግዕዝ ሆሄ መጻፍ አይቻልም።

አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አንድ ባይት ሲፈጅ፣ አንድ የግዕዝ ሆሄ ሦስት ባይት ይፈጃል። በዩቲኤፍ-16 ደግሞ እያንዳንዱ ሆሄ ሁለት ባይት ይወስዳል። ለምሳሌ «ሰላም» የሚለው ቃል እንዲህ ይጻፋል፦

በዩቲኤፍ-8፦ 225 136 176 (ሰ)፣ 225 136 139 (ላ)፣ 225 136 157 (ም)
በዩቲኤፍ-16 (ትንሹ ባይት ቀድሞ)፦ 48 18 (ሰ)፣ 11 18 (ላ)፣ 29 18 (ም)

በዩቲኤፍ-8 የዋናው ክፍል ሆሄያት ሁሉ በ225 ይጀምራሉ፤ ሁለተኛው ባይታቸው ከ136 እስከ 141 ባለው ውስጥ ይወድቃል። በዩቲኤፍ-16 ደግሞ ከሁለቱ ባይቶች አንዱ ሁልጊዜ 18 ወይም 19 ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተበላሸ የሚመስል ታግ በውስጡ አማርኛ እንዳለ ለማወቅ የሚረዱ አሻራዎች ናቸው።

የችግሩ መልኮችና መንስኤዎቻቸው

ባዶ ሳጥን

በእያንዳንዱ ሆሄ ቦታ አንድ ሳጥን (□) ከታየ ማጫወቻው ጽሑፉን በትክክል አንብቧል፤ የሚሥልበት ፎንት ግን የለውም። ይህ በመኪና ቴፖች፣ በአነስተኛ ኤምፒ3 ማጫወቻዎችና ቆየት ባሉ ስልኮች ላይ የተለመደ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒም ከራሱ ጋር የሚመጣ የግዕዝ ፎንት አልነበረውም፤ ኒያላ የተባለው ፎንት የመጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። በዚህ ሁኔታ ታጉ አልተበላሸም፤ መስተካከል ያለበት መሣሪያው ነው። ፋይሉን መነካካት አያስፈልግም።

ጭረት ያለባቸው የላቲን ምልክቶች

በዩቲኤፍ-8 የተጻፈ ጽሑፍ እንደ ላቲን-1 ወይም እንደ ዊንዶውስ-1252 ሲነበብ እያንዳንዱ ሆሄ ወደ ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ይሰነጠቃል። ቁጥር 225 በእነዚህ ኮዶች በአናቷ ላይ ጭረት ያላት ትንሿ የላቲን የመጀመሪያ ፊደል ስለሆነች፣ የተሰነጠቀው አማርኛ በዚህች ፊደል ተደጋጋሚነት ይታወቃል። በላቲን-1 ከ128 እስከ 159 ያሉት ቁጥሮች የሚታይ መልክ ስለሌላቸው የአንዳንድ ሆሄያት ሁለተኛና ሦስተኛ ባይት በማጫወቻው ላይ ላይታይ ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ብልሽት «የፊደል መለወጥ» የሚል ሐሳብ ባለው የጃፓንኛ ቃል ሞጂባኬ ተብሎ ይጠራል።

ጽሑፉ በዩቲኤፍ-16 ተጽፎ የኮድ ቁጥሩ በስሕተት 0 ሲሆን ደግሞ ምልክቱ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ላይ 255 እና 254 የሚባሉት የቅደም ተከተል ምልክቶች በአናቷ ሁለት ነጥብ ያላት ዋይ እና ቶርን የተባለችው የአይስላንድ ፊደል ሆነው ይታያሉ፤ ቀጥሎ «ሰ» ዜሮ ቁጥር መስሎ ሊመጣ ይችላል፤ የ«ሰ» አንዱ ባይት 48 ሲሆን ይህም የዜሮ ቁጥር ኮድ ነውና።

የቻይንኛና የኮሪያ ፊደላት

የዩቲኤፍ-16 ሁለት ባይቶች ቅደም ተከተላቸው ተገልብጦ ከተነበበ አማርኛው ወደ ሩቅ ምሥራቅ ፊደላት ይለወጣል። «ሰ» የጃፓን ፖስታ ምልክት፣ «ተ» የቻይንኛ ፊደል፣ «ወ» የኮሪያ ፊደል ይሆናሉ፤ «የ» እና «ደ» ደግሞ ለግል አገልግሎት በተተወ ቦታ ላይ ስለሚወድቁ ሳጥን ሆነው ይታያሉ። በአማርኛ ዘፈን ላይ እነዚህ ተቀላቅለው ከታዩ መንስኤው የባይት መገለባበጥ መሆኑ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል። መረጃው ሙሉ በሙሉ ደህና ነው።

የጥያቄ ምልክት

አንድ ፕሮግራም አማርኛን የግዕዝ ሆሄ ወደሌለው ኮድ ለመቀየር ሲገደድ፣ ቦታ ያላገኘለትን ሆሄ ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። «ጥላሁን ገሠሠ» ወደ «???? ???» ይለወጣል። በፋይሉ ውስጥ የሚቀረው የጥያቄ ምልክት ኮድ የሆነው 63 ቁጥር ብቻ ነው። «ጥ»ም 63፣ «ላ»ም 63 ስለሆኑ ከዚህ ተነስቶ ወደ ዋናው ስም መመለስ አይቻልም። ከአራቱ ዋና መልኮች ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

የተቆረጠ ስም

በሥሪት 1 ለእያንዳንዱ ስም የተመደበው 30 ባይት ለእንግሊዝኛ 30 ፊደል ሲሆን፣ ለአማርኛ በዩቲኤፍ-8 10 ሆሄ ብቻ ነው። «ማህሙድ አህመድና አይቤክስ ባንድ» የሚለው ስም 54 ባይት ይፈልጋል። በ30 ባይት ውስጥ የሚገባው «ማህሙድ አህመድና»፣ አንድ ክፍት ቦታ እና የ«አ» የመጀመሪያ ባይት ብቻ ነው። ይህ የተንጠለጠለ ባይት ብቻውን ሆሄ ስለማይሆን በመጨረሻው ላይ እንግዳ ምልክት ሆኖ ይታያል፤ የባንዱም ስም ይጠፋል።

የድሮ ፎንቶች ጽሑፍ

ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ የአማርኛ መጻፊያዎች የግዕዝን ሆሄያት በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያስቀምጡ ነበር። ጽሑፉ አማርኛ የሚመስለው ያው ፎንት ሲመረጥ ብቻ ነው። የሙዚቃ ማጫወቻ ፎንት ስለማያስመርጥ እንዲህ የተጻፈ ታግ ተራ የላቲን ፊደላትና የሥርዓተ ነጥብ ምልክቶች ድብልቅ ሆኖ ይታያል። የሚመለሰው የዚያን መጻፊያ የሆሄ አቀማመጥ ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም ነው።

የሚጋጩ ታጎች

አንድ ኤምፒ3 ፋይል ሥሪት 1፣ ሥሪት 2 እና ኤፒኢ የተባለውን ሌላ ታግ በአንድ ጊዜ ሊይዝ ይችላል። አንዱ ማጫወቻ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ያነባል። በስልክ ላይ በትክክል የታየው ስም በመኪና ቴፕ ላይ የጥያቄ ምልክት የሚሆነው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በሥሪት 2.3 እና 2.4 መካከልም የመጠን አጻጻፍ ልዩነት አለ። ሥሪት 2.4 የፍሬሙን መጠን የሚጽፈው ከእያንዳንዱ ባይት ሰባቱን ቢት ብቻ በመጠቀም ነው። እስከ 127 ባይት ድረስ ሁለቱ አጻጻፎች አንድ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ግን ይለያያሉ። ስለዚህ የሥሪት ቁጥሩንና የመጠን አጻጻፉን አደባልቆ የሚጽፍ ፕሮግራም አጫጭር ስሞችን በደህና ሲያሳልፍ፣ ረጅም አስተያየት ወይም የሽፋን ሥዕል ሲያጋጥም ከዚያ በኋላ ያሉት ፍሬሞች ሁሉ እንዳይነበቡ ያደርጋል።

ምርመራ

ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢካሄድ ይመረጣል።

1. ፋይሎቹን በሌላ ፎልደር መገልበጥ። ማንኛውም ሙከራ የሚደረገው በቅጂው ላይ ነው። አንዳንድ ማጫወቻዎች ተጠቃሚው ሳያዛቸው ታግ እንደገና ስለሚጽፉ ዋናው ፋይል ከእነርሱ ርቆ መቀመጥ አለበት።

2. ፋይሉን በሌላ መሣሪያ መክፈት። በአንድ መሣሪያ ላይ ብቻ ከተበላሸ ጥፋቱ የፎንት ወይም የማጫወቻው ነው። በሁሉም ላይ ከተበላሸ ጥፋቱ በፋይሉ ውስጥ ነው።

3. የሚታየውን መልክ መለየት። ሳጥን፣ የላቲን ምልክት፣ የሩቅ ምሥራቅ ፊደል ወይስ የጥያቄ ምልክት?

4. በፋይሉ ውስጥ ስንት ታግ እንዳለ ማየት። እንደ ኤምፒ3ታግ እና ኪድ3 ያሉ የታግ ማረሚያ ፕሮግራሞች በፋይሉ ውስጥ የሚገኙትን የታግ ዓይነቶች ያሳያሉ። በሥሪት 1 ላይ የጥያቄ ምልክት የሆነው ስም በሥሪት 2 ላይ ሙሉ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

5. ካልተለየ ባይቶቹን መመልከት። ለዚህ ሄክስ ኤዲተር የሚባል ፕሮግራም ያገለግላል። ብዙዎቹ ቁጥሩን በ16 መሠረት ስለሚያሳዩ ወደ አስርዮሽ መለወጥ ያስፈልጋል። በየሦስቱ 225 ከተደጋገመ ጽሑፉ ዩቲኤፍ-8 ነው፤ በየሁለቱ 18 ወይም 19 ከተደጋገመ ዩቲኤፍ-16 ነው፤ 63 ብቻ ከተደረደረ ጽሑፉ ጠፍቷል።

ጥገና

የፎንት ችግር። በኮምፒውተር ላይ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ ነጻ የግዕዝ ፎንት መጫን ይበቃል። ፎንት ሊጨመርበት በማይችል የመኪና ቴፕ ላይ ደግሞ ለመኪናው ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ቅጂ በላቲን ፊደል ታግ ማዘጋጀት ይቻላል። ዋናው ቅጂ ግን በአማርኛ እንዳለ መቀመጥ አለበት።

በተሳሳተ ኮድ የተነበበ ጽሑፍ። ጥገናው ስሕተቱን በመጣበት መንገድ መመለስ ነው። የሚታዩት የላቲን ምልክቶች ወደ ባይት ቁጥራቸው ይመለሳሉ፤ ከዚያ እነዚያው ባይቶች በትክክለኛው ኮድ፣ ማለትም በዩቲኤፍ-8፣ እንደገና ይነበባሉ። ሚውታጅን ከተባለው የፓይተን ቤተ መጻሕፍት ጋር የሚመጣው ሚድ3አይኮንቭ ይህን ለብዙ ፋይሎች በአንድ ጊዜ ይሠራል። ኢዚታግ የተባለው ፕሮግራምም ታግ የሚነበብበትን የፊደል ኮድ በእጅ ለመምረጥ ያስችላል። መጀመሪያ በአንድ ፋይል ሞክሮ ውጤቱን ማየት፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ማለፍ ይመከራል። ቀድሞውኑ ደህና በሆነ ታግ ላይ ይህን መለወጫ ማስኬድ ራሱ ብልሽት ስለሚፈጥር የተበላሹትን ለይቶ ማውጣት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ለአማርኛ የተለየ አደጋ አለ። ላቲን-1 ለ256ቱም ቁጥሮች ቦታ ስላለው በእርሱ የተሳሳተ ንባብ ያለ ኪሳራ ይመለሳል። በዊንዶውስ-1252 ግን 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157 የተባሉት አምስት ቁጥሮች ምልክት የላቸውም። አንዳንድ ፕሮግራሞች እነዚህን ሳይነኩ ያሳልፏቸዋል፤ ሌሎች ግን ይጥሏቸዋል። ከላይ እንደታየው የ«ም» የመጨረሻ ባይት 157 ነው፤ የ«ሁ» 129፣ የ«ል» 141፣ የ«ሐ» 144 ነው። በ141 ሁለተኛ ባይት የሚጻፉት ደግሞ የ«ፀ»፣ የ«ፈ» እና የ«ፐ» ቤተሰቦች በሙሉ ናቸው። የተሰነጠቀው ጽሑፍ አንድ ጊዜ እንደዚህ ተጥሎበት ከተቀመጠ «ሰላም» ሲመለስ «ሰላ» እና አንድ የተሰበረ ምልክት ይሆናል። ተጠቃሚው «አስቀምጥ» ከማለቱ በፊት መመርመር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ጊዜ የተበላሸ ጽሑፍ። የተሰነጠቀው ጽሑፍ ተቀምጦ እንደገና በተሳሳተ ኮድ ከተነበበ ምልክቶቹ ይበዛሉ፤ አንድ ሆሄ ከስድስት ባይት በላይ ሊይዝ ይችላል። ባይት እስካልጠፋ ድረስ መመለሻው ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ ሲሠራ ጽሑፉ ይስተካከላል።

የጠፋ ጽሑፍ። ታጉ 63 ብቻ ከሆነ መረጃው ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። የፋይሉ ስም ደህና ከሆነ የታግ ማረሚያ ፕሮግራሞች ከፋይል ስም ወደ ታግ ሊገለብጡት ይችላሉ። ሚውዚክብሬንዝ ፒካርድ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ የድምፁን አሻራ ከክፍት የመረጃ ቋት ጋር አነጻጽሮ ዘፈኑን ለመለየት ይሞክራል፤ የሚሳካው ግን ዘፈኑ ቀድሞ በቋቱ ውስጥ ከተመዘገበ ብቻ ነው። ካልሆነ የካሴቱን ሽፋን ወይም የሚያውቅ ሰው መጠየቅ የግድ ነው። የጥያቄ ምልክቶቹ ብዛት ግን ከንቱ አይደለም፤ «???? ???» የስሙ የመጀመሪያ ክፍል አራት ሆሄ፣ ሁለተኛው ሦስት ሆሄ እንደነበረው ይናገራል። ይህ የተገመተውን ስም ለማመሳከር ይረዳል።

መከላከያ

አዲስ ታግ ለኤምፒ3 ሲጻፍ በብዙ መሣሪያዎች ላይ የሚሠራው ሥሪት 2.3 ከዩቲኤፍ-16 ጋር ነው። ሥሪት 2.4 ከዩቲኤፍ-8 ጋር አዳዲስ ፕሮግራሞች በደንብ የሚያነቡት ቢሆንም፣ ቆየት ያሉ የዊንዶውስ እትሞችና የመኪና ቴፖች ላያነቡት ይችላሉ። ኤምፒ3ታግም ሆነ ፒካርድ በማስተካከያቸው ውስጥ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ያስችላሉ።

ሥሪት 1ን በአማርኛ መሙላት ጥቅም የለውም። ወይ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት፣ ወይ አጭር የላቲን ፊደል ስም መጻፍ ይሻላል።

ከካሴት ወይም ከሸክላ አዲስ የሚገለበጥ ሙዚቃ በፍላክ ቢቀመጥ የኮድ ችግሩ በአብዛኛው ይወገዳል። በፍላክና በኦግ ቮርቢስ ፋይሎች ውስጥ ያለው ታግ በደንቡ መሠረት ሁልጊዜ ዩቲኤፍ-8 ስለሆነ የኮድ ቁጥር የሚሳሳትበት ቦታ የለም። ዌቭ ፋይሎች በአንጻሩ ለታግ አስተማማኝ አይደሉም።

ከታጉ ጋር ተመሳሳዩን ዝርዝር በዩቲኤፍ-8 በተጻፈ ተራ የጽሑፍ ፋይል በዚያው ፎልደር ማስቀመጥ፣ የሽፋኑንም ፎቶ መጨመር ቀላል መጠባበቂያ ነው። ታጉ ቢጠፋ ዝርዝሩ ይቀራል።

እየተነበበ የሚያሳስት ታግ

አንዳንድ ታግ በትክክል ቢታይም አንባቢውን ያሳስታል። የዓመት ቦታው የቁጥር ብቻ ስለሆነ የዘመን አቆጣጠሩን አይናገርም። ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን ያሳተመው በ1975 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1967 ወይም 1968 ነው። ታጉ ላይ 1967 ተብሎ ቢጻፍ ማጫወቻው ዘፈኑን ከስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይደረድረዋል። የዓመቱን ቦታ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሞልቶ የኢትዮጵያውን ዓመት በአስተያየቱ ቦታ «ዓ.ም.» ብሎ መጻፍ ውዥንብሩን ያስቀራል።

ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ሆሄያትም ችግር ያመጣሉ። ለኮምፒውተር «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ» የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። «ጥላሁን ገሠሠ» እና «ጥላሁን ገሰሰ» ተብለው የተጻፉ ዘፈኖች በማጫወቻው ዝርዝር ላይ የሁለት ዘፋኞች ሆነው ይታያሉ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ መከፋፈሉ ይብሳል፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አልበም ላይ ያለው ፈረንሳይኛ ቀመስ አጻጻፍ በእንግሊዝኛ ከተለመደው ይለያል። በአንድ ስብስብ ውስጥ ለእያንዳንዱ ስም አንድ አጻጻፍ መርጦ በእርሱ መጽናት፣ ሌሎቹን አጻጻፎች ደግሞ በአስተያየቱ ቦታ መያዝ ዘፈኖቹ በአንድ ስም ሥር እንዲገኙ ያደርጋል።